ድርጅትን የማሻሻጥ ሙያና የአማካሪው አደራ

በዘመኑ ሁሉ ደክሞ ያቋቋመውን የንግድ ድርጅት ለመሸጥ የሚነሣ ሰው፣ ምንም እንኳ በሙያው የበረታና በሀብቱ የተከበረ ቢሆን፣ በገበያ ከሚቆሙት ሻጮች ሁሉ ልምድ የጐደለው እርሱ ነው። እህል ነጋዴ በየሳምንቱ ስለሚሸጥ የገበያውን ጠባይ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ድርጅቱን የሚሸጥ ሰው ግን ይህን የሚያደርገው ብዙውን ጊዜ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ በፊቱ የሚቀመጠው ገዢ ከዚያ በፊት ዐሥር ወይም ሃያ ድርጅት የገዛ፣ ጠበቆችንና የሒሳብ ሊቃውንትን ያሰለፈ፣ መቸኰልም የማያስፈልገው ነው። ከዚህ አለመመጣጠን የተነሣ ዋጋውን የሚመዝንለት፣ ገዢዎችን በምስጢር የሚፈልግለትና በድርድሩ ጊዜ በአጠገቡ የሚቀመጥ መካሪ ለሻጩ አስፈለገው፤ ይህም ከጊዜ ብዛት ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ። በለንደንና በኒውዮርክ ሙያውን ይዘው የሚኖሩት ኢንቨስትመንት ባንኮች ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል ገንዘብ ሳያበድሩ በዋነኛነት ከምክር በሚያገኙት ዋጋ የሚተዳደሩት ንኡሳን ቤቶች በባለሙያዎቹ አነጋገር ቡቲክ ይባላሉ።

የእነዚህ ቤቶች ታሪክ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የሩቅ አገር ወሬ መስሎ ሊታየው ይችላል፤ ነገር ግን የካፒታል ገበያ ሕግ በአገራችን ወጥቶ ለኢንቨስትመንት ባንክ ፈቃድ መሰጠት በጀመረበት በአሁኑ ጊዜ፣ ሌሎች ከመቶ ዓመት በላይ ብዙ ከፍለው የተማሩትን ሳያውቁ ወደ ገበያው መግባት የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም። በዚህ ሐተታ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ የአገራችንን ሕግ እስክናነሣ ድረስ፣ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በአሜሪካ የንግድ ታሪክ ከተደረጉት ታላላቅ ሽያጮች አንዱ በሻጩ በኩል ያለ አማካሪ የተፈጸመ ነው። በዲሴምበር ወር 1900 በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ክለብ በተደረገ የእራት ግብዣ ላይ የካርኔጊ ብረታ ብረት ኩባንያ ፕሬዚዳንት የነበረው ቻርልስ ሽዋብ ስለ ብረት ሥራ የወደፊት ዕድል ንግግር ሲያደርግ፣ ስመ ጥሩው የባንክ ባለጸጋ ፒርፖንት ሞርጋን በማዕዱ ተቀምጦ ያዳምጥ ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሞርጋን ሽዋብን አስጠርቶ ኩባንያው በስንት እንደሚሸጥ ጠየቀው፤ ሽዋብም ወደ ዋናው ባለቤት ወደ አንድሩ ካርኔጊ ሄዶ፣ ጎልፍ አብረው ከተጫወቱ በኋላ ነገሩን ቢያነሣለት፣ ካርኔጊ ጥቂት አስቦ 480 ሚሊዮን ዶላር የሚል ቍጥር በቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፈለት። ሞርጋን ወረቀቱን አየና ዋጋውን ያለ ክርክር ተቀበለ። በ1901 በ1.4 ቢሊዮን ዶላር ካፒታል ዩናይትድ ስቴትስ ስቲል ተቋቋመ፤ የራሱ የካርኔጊ ድርሻም ወደ 225 ሚሊዮን ዶላር በሚደርስ ቦንድ ተከፈለው። ከዘመን በኋላ ሁለቱ ባለጸጎች በመርከብ ላይ ተገናኝተው ካርኔጊ መቶ ሚሊዮን ጨምሮ አለመጠየቁ እንደሚቈጨው ቢነግረው፣ ሞርጋን ያንንም ቢሆን ይከፍለው እንደ ነበር መለሰለት ተብሎ ይተረካል።

እኔ ግን ከዚህ ትረካ ይልቅ የሽዋብን ነገር አጥብቄ አስባለሁ። ሽዋብ የሻጩ ታማኝ ሹም ነበረ፤ የገዢውን ጥያቄ ወደ ሻጩ፣ የሻጩንም ዋጋ ወደ ገዢው ያመላለሰ እርሱ ነው፤ አዲሱ ኩባንያ በተቋቋመ ጊዜም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኖ የተሾመ እርሱ ነው። በዚህ ክፋት አስቦ ነበር አልልም፤ ካርኔጊም በድህነት አልሞተም። ነገር ግን ያን ያህል ሀብት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ፣ ከሻጩ በቀር ከማንም ምንም የማይጠብቅ አንድ ሰው በመካከላቸው አልነበረም። አማካሪው የማን ነው የሚለው ጥያቄ በሙያው ታሪክ ሁሉ ውስጥ አልጠፋም፤ ቤቶቹም የተከፈሉት፣ የተዋጡትና እንደገና የተወለዱት አብዛኛውን ጊዜ በእርሱ ምክንያት ነው።

ከቡቲኮቹ በዕድሜ ከሚቀድሙት አንዱ የሆነው ላዛር የተባለው ቤት በአጀማመሩ ባንክ አልነበረም። ከፈረንሳይ ሎሬን የፈለሱ ወንድማማቾች በ1848 በኒው ኦርሊንስ ከተማ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ከፈቱ፤ በዓመቱ ሱቃቸው በቃጠሎ ቢጠፋባቸው ወርቅ ተገኘ ወደተባለበት ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ተሻገሩ። በዚያም ከሸቀጡ ንግድ ወደ ወርቅ ንግድ፣ ከወርቁም ወደ ገንዘብ ምንዛሪ እያደጉ ሄደው፣ በፓሪስ፣ በለንደንና በኒውዮርክ ቤት ከፈቱ። ሦስቱ ቤቶች ስማቸውና ዝምድናቸው አንድ ሆኖ አስተዳደራቸው ለየብቻ ስለ ነበረ፣ ሙሉ በሙሉ የተዋሐዱት በ2000 ነው። ሸቀጥ ይነግድ የነበረ ቤት የሌላውን ነጋዴ ታማኝነት ማወቅን ከሸቀጥ ይልቅ የከበረ ንብረት አድርጎ መያዙ በሌሎቹም የአውሮፓ የነጋዴ ባንኮች የታየ ነገር ነው።

ይህ ሙያ በአሜሪካ መልኩን የያዘው በሕግ ኀይል ነው። ከ1929 የአክሲዮን ገበያ ውድቀት በኋላ፣ በ1933 የወጣው የግላስና የስቲጋል ሕግ እያንዳንዱን ባንክ ከሁለት መንገዶች አንዱን እንዲመርጥ አስገደደው፤ ወይ የሕዝብ ተቀማጭ ተቀብሎ ማበደር፣ ወይ ደግሞ አክሲዮንና ቦንድ ማሻሻጥ። የሞርጋን ቤት የተቀማጭን መንገድ ሲመርጥ፣ ከሸሪኮቹ አንዳንዶቹ ወጥተው በ1935 ሞርጋን ስታንሊን አቋቋሙ። ሕግ አውጪዎቹ የፈለጉት የአስቀማጩን ገንዘብ ከአደጋ መጠበቅ ነበር፤ ነገር ግን ሕጋቸው ሳይታሰብ ሌላ ፍሬ አፈራ፤ ይኸውም ብድር የማይሰጥ፣ የሕዝብ ተቀማጭም የሌለው ቤት ዕውቀቱንና ታማኝነቱን እየሸጠ እንዲኖር ግድ መሆኑ ነው።

የኒውዮርኩን ላዛር በዚህ መንገድ ያከበረው አንድሬ ሜየር በ1898 በፓሪስ ተወልዶ፣ በ1940 የጀርመን ጦር ፈረንሳይን ሲይዝ የተሰደደ ሰው ነው። ቤቱን በጦርነቱ ዓመታት ተረክቦ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲመራ፣ ብዙ ሠራተኛ ከመቅጠርና ብዙ ደንበኛ ከመሰብሰብ ይልቅ በጥቂት ሸሪኮች ለጥቂት ታላላቅ ባለጸጎች ማገልገልን መረጠ። በእርሱ እጅ ካደጉት ሁሉ የታወቀው ፊሊክስ ሮሃቲን ነው፤ በ1928 በቪየና ተወልዶ በልጅነቱ ከናዚዎች የሸሸው ይህ ሰው፣ አይ.ቲ.ቲ. የተባለው ኩባንያ በ1960ዎቹ ሌሎችን ኩባንያዎች በተከታታይ ሲገዛ ዋና መካሪው ነበር፤ በ1975 የኒውዮርክ ከተማ ዕዳዋን መክፈል ተስኗት በተጨነቀችበት ጊዜም ካዳኗት ሰዎች እንደ አንዱ ይቈጠራል። ይሁንና እውነቱን ሁሉ መናገር ይገባል። ላዛር ራሱ በ1962 የገዛውን አቪስ የተባለ የመኪና አከራይ ድርጅት በ1965 ለዚያው ለአይ.ቲ.ቲ. ሸጦለታል፤ ሮሃቲንም ከጥቂት ዓመታት በኋላ በኩባንያው ቦርድ ገብቷል። አንድ ቤት መካሪም፣ ሻጭም፣ የቦርድ አባልም በሚሆንበት ጊዜ የቱ ምክር ከየትኛው ወንበር እንደሚወጣ ለማወቅ ያዳግታል። ቤቱ ትንሽ መሆኑ ብቻውን ከዚህ አያድነውም።

የአማካሪው ታማኝነት ለማን እንደሆነ በገሃድ የታየው ከሁሉ ይልቅ በለንደን ነው። በ1958 መጨረሻ ብሪቲሽ አሉሚኒየም የተባለው ኩባንያ ሁለት ፈላጊዎች መጡበት፤ አንዱ አልኮአ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ፣ ሁለተኛው ሬይኖልድስ የተባለው ሌላው የአሜሪካ ኩባንያ ከእንግሊዙ ቲዩብ ኢንቨስትመንትስ ጋር ተባብሮ ነበር። የብሪቲሽ አሉሚኒየም ሊቀ መንበር ሎርድ ፖርታል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ አየር ኀይል የበላይ አለቃ የነበረ፣ ስሙ የተከበረ ሰው ነው፤ አማካሪዎቹም በለንደን ከታወቁት ቤቶች ሁሉ የሚቀደሙ ያልነበሩት ሃምብሮስና የለንደኑ ላዛር ነበሩ። የእነሬይኖልድስ ዋና መካሪ ግን ሲግመንድ ዋርበርግ ነበር፤ ይህ ሰው በ1902 በጀርመን ተወልዶ ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ ወደ ለንደን የተሰደደ፣ በስሙ የሚጠራውን ባንክ በ1946 ያቋቋመና በነባሮቹ ቤቶች ዘንድ እንደ መጻተኛ የሚታይ ነበር።

የቦርዱ አባላት ከኩባንያው ሲሶ የሚሆን አዲስ አክሲዮን በ60 ሽልንግ ሒሳብ ለአልኮአ ለመስጠት ባለአክሲዮኖቹን ሳያማክሩ ተስማሙ። እነሬይኖልድስ በበኩላቸው ለአንድ አክሲዮን 78 ሽልንግ የሚያወጣ ዋጋ ለባለአክሲዮኖቹ አቀረቡ። ቦርዱ ግን ብልጫውን ዋጋ እንዳይቀበሉ መከራቸው፤ ነገሩ በጠነከረበትም ጊዜ የለንደን ባንኮች ማኅበር ገጥመው፣ የኩባንያውን ነባር አስተዳደር ለማዳን ሲሉ ለያንዳንዱ ባለአክሲዮን ድርሻ ግማሽ 82 ሽልንግ እንከፍላለን ብለው ተነሡ። የአገሪቱ ጋዜጦች ይህን ክርክር «የአሉሚኒየም ጦርነት» አሉት። ዋርበርግ በስብሰባ ከመከራከር ይልቅ ከገበያው አክሲዮን በብዛት አስገዛ፤ በጃንዋሪ 1959 መጀመሪያም አብዛኛው ድርሻ በእነሬይኖልድስ እጅ ገባ።

ይህን ታሪክ የሚጽፉ ብዙ ሰዎች የነባሩንና የመጤውን ፉክክር ያደንቃሉ። ለሻጭ የሚጠቅመው ትምህርት ግን ሌላ ነው። ሃምብሮስና ላዛር ሐቀኝነታቸው የተመሰከረላቸው ቤቶች ሆነው ሳለ፣ በ60 ሽልንግ የተደረገውን ውል ደግፈው 78ቱን ለመከልከል የተሰለፉት፣ የኩባንያው አማካሪ ማለት ሹመኞቹን የሚያገለግል ማለት መስሏቸው ስለ ነበር ነው፤ ሹመኞቹም ወዳጆቻቸውና የአንድ ክለብ ሰዎች ነበሩ። የድርጅቱ ባለቤት ብዙ በሆነ ጊዜ አማካሪው ከባለቤቱ ይልቅ የቀጠረውን ሹም ፊት ያያል። ለዚህ ነው ብዙ ወራሾች ያሉት የቤተ ሰብ ድርጅት በሚሸጥበት ጊዜ አማካሪው ለሥራ አስኪያጁ ብቻ ሳይሆን ለወራሾቹ ሁሉ መልስ የሚሰጥ መሆን የሚገባው።

አሜሪካኖች ይህን ግዴታ በፍርድ ቤት አጠነከሩት። ትራንስ ዩኒየን የተባለውን ኩባንያ ቦርዱ በሴፕቴምበር 1980 ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ተሰብስቦ በአክሲዮን 55 ዶላር ለመሸጥ ፈቀደ፤ ዋጋውን ያገኘው ሊቀ መንበሩ ቫን ጎርኮም ሲሆን፣ ከውሳኔው በፊት የኩባንያውን ዋጋ የመዘነ የውጭ አማካሪ አልነበረም። የዴላዌር ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1985 የቦርዱ አባላት ሳይመረምሩ ወስነዋልና ተጠያቂ ናቸው ሲል ፈረደ። ከዚያ ወዲህ ዋጋው ተገቢ ነው የሚል የጽሑፍ አስተያየት ከኢንቨስትመንት ባንክ ሳይቀበል ኩባንያ የሚሸጥ ቦርድ እምብዛም አልተገኘም፤ ለባንኮቹም ይህ ወረቀት ሰፊ የገቢ ምንጭ ሆነላቸው። ሽያጩ ካልተፈጸመ ዋናው ክፍያ የማይደርሰው አማካሪ ዋጋው ተገቢ አይደለም ብሎ ለመጻፍ ምን ያህል ነጻነት እንዳለው አንባቢው ራሱ ያስብበት።

በ1980ዎቹ ኩባንያን መግዛትና መሸጥ እንደ ዕለት ንግድ ሆነ። ፈርስት ቦስተን በተባለው ባንክ ይህን ክፍል ያሳደጉት ብሩስ ዋሰርስታይንና ጆሴፍ ፔሬላ በ1988 ወጥተው የራሳቸውን ቤት አቋቋሙ፤ ያም ቤት ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ 1.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በሆነ ዋጋ ለጀርመኑ ድሬስድነር ባንክ ተሸጠ፤ ዋሰርስታይንም በ2002 የላዛር አለቃ ሆኖ ገባ። በካሊፎርኒያ ደግሞ የኮምፒውተር ኩባንያዎችን ከሕፃንነታቸው ጀምረው የሚያውቁ ቤቶች ነበሩ፤ ከእነርሱ አንዱ በ1968 የተመሠረተውና በ1980 የአፕልን አክሲዮን ለሕዝብ ካቀረቡት አንዱ የሆነው ሃምብሬክትና ክዊስት ነው። የ1933ቱ አጥር እየላላ ሲሄድ ታላላቆቹ ባንኮች እነዚህን ቤቶች በ1997ና በ1999 መካከል አንድ በአንድ ገዟቸው፤ ሃምብሬክትና ክዊስት ለቼዝ ተሸጠ፤ ሮበርትሰን ስቲቨንስ የተባለውም ከባለቤት ወደ ባለቤት ሲተላለፍ ቆይቶ በ2002 ተዘጋ። ሕጉም በ1999 ተሻረ። እነዚህ ቤቶች ሲዋጡ የጠፋው ስማቸው ብቻ አይደለም፤ መቶ ሠራተኛ ያለውን የአንድ መሐንዲስ ድርጅት ቁም ነገር አድርገው የሚይዙ ሸሪኮች ከገበያው ጠፉ።

ያ ምን ማለት እንደሆነ ባልና ሚስቱ ጄምስና ጃኔት ቤከር አይተውታል። ሁለቱ የንግግርን ድምፅ ወደ ጽሑፍ የመለወጥ ጥበብ ተመራማሪዎች ሲሆኑ፣ ድራገን ሲስተምስ የተባለውን ድርጅታቸውን በ1982 በማሳቹሴትስ በሚኖሩበት ቤት ጀመሩት፤ በ1997 ሰው ቃላቱን ሳይቈራርጥ እንደ ልማዱ ሲናገር የሚጽፈውን ፕሮግራም ለገበያ አወጡ። ድርጅቱን ለመሸጥ በተነሡ ጊዜ በስም ከሁሉ የገነነውን ጎልድማን ሳክስን በ5 ሚሊዮን ዶላር አማካሪ አድርገው ቀጠሩ፤ ባንኩም ለጉዳዩ አራት ሰዎች መደበ። ገዢው ለርናውትና ሃውስፒ የተባለ የቤልጂግ ኩባንያ ነበር። በመጀመሪያ ከዋጋው ከፊሉ በጥሬ ገንዘብ ይከፈላል የተባለው ውል በኋላ ተለውጦ፣ 580 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል የተባለው ሙሉ ዋጋ በገዢው አክሲዮን ብቻ እንዲከፈል ሆነና በጁን 2000 ሽያጩ ተፈጸመ። በኦገስት የኩባንያው የኮሪያ ሽያጭ ሐሰተኛ መሆኑን የሚያመለክት ሐተታ በዎል ስትሪት ጆርናል ወጣ፤ ኖቬምበር ሲደርስ ኩባንያው ከዕዳ ጠያቂዎቹ የሕግ ከለላ ጠየቀ፤ ባልና ሚስቱ የተቀበሉትም አክሲዮን ዋጋ ቢስ ወረቀት ሆነ። የድካማቸው ፍሬ የሆነው ጥበብ በክስረቱ ሐራጅ ተሽጦ ሌላ ሰው አበለጸገ።

ቤከሮች ባንኩን ከሰሱት። ባንኩ የገዢውን ሒሳብ መመርመር የእርሱ ሥራ እንዳልነበረ ተከራከረ፤ በጃንዋሪ 2013 የቦስተን ዳኞችም ባንኩ ጥፋተኛ አይደለም ሲሉ ፈረዱ። ፍርዱ ስለ ተሰጠ በባንኩ ላይ የምጨምረው ነገር የለኝም። ነገር ግን ዋጋው በአክሲዮን በሚከፈልበት ጊዜ ሻጩ ራሱ ገዢ ሆኗል፤ የገዢውን መዝገብ የሚመረምር ማን እንደሆነ በመጀመሪያው ውል ላይ ስሙ ካልተጻፈ፣ ጠበቃው ኦዲተሩን፣ ኦዲተሩ ባንኩን፣ ባንኩም ባለቤቱን ያመለክታል። ሰዎቹ የታላቁን ቤት ስም ሲቀጥሩ የታላቁን ቤት ሊቃውንት የቀጠሩ መስሏቸው ነበር። ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቍጥር የሚያሳዝነኝ ሃያ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ትጋት በጥቂት ወራት መጥፋቱ ነው።

የታላላቆቹ ባንኮች የጥቅም መደራረብ በሚቀጥለው ዐሥር ዓመት የፍርድ ቤት ጉዳይ ሆነ። በ2011 የዴላዌር ፍርድ ቤት የዴል ሞንቴን ሽያጭ ሲመረምር፣ የሻጩ አማካሪ የነበረው ባርክሌይስ ለገዢዎቹም ገንዘብ አበድሮ ከሁለቱም ወገን ለማትረፍ አስቀድሞ ያስብ እንደ ነበር አገኘ፤ ክርክሩ በ89.4 ሚሊዮን ዶላር ዕርቅ ተፈጸመ። በሚቀጥለው ዓመት ኤል ፓሶ የተባለው የጋዝ ኩባንያ ለኪንደር ሞርጋን ሲሸጥ የሻጩ አማካሪ ጎልድማን ሳክስ ከገዢው ኩባንያ 19 በመቶ ያህል የያዘ ባለድርሻ ሆኖ ተገኘ፤ ጉዳዩን የሚመራው ባንከኛም በግሉ ወደ 340 ሺህ ዶላር የሚያወጣ የገዢውን አክሲዮን ይዞ ለደንበኛው አልገለጸም ነበር። ይህም በ110 ሚሊዮን ዶላር ዕርቅ ሲያልቅ ባንኩ የምክር ዋጋውን 20 ሚሊዮን ዶላር ተወ።

ንኡሳኑ ቤቶች እንደገና የበዙት በዚህ ዘመን ነው። ሮጀር አልትማን ኤቨርኮርን፣ ሮበርት ግሪንሂል በስሙ የሚጠራውን ቤት በ1990ዎቹ አጋማሽ አቋቁመው ነበር፤ በ2006 ሴንተርቪውና ፔሬላ ዋይንበርግ፣ በ2007 ሞሊስ ተከተሉ፤ የ2008ቱ የባንክ ቀውስ የታላላቆቹን ስም ሲያጐድፍ ብዙ ልምድ ያላቸው ባንከኞች ወደ እነዚህ ቤቶች ፈለሱ። ለደንበኛው የሚነግሩት ቃል አንድ ነው፤ አናበድርም፣ ለገዢህ የምንሸጠው ነገር የለንም፣ ከአንተ ጋር የተነጋገረው ሸሪክ እስከ መጨረሻው አብሮህ ይቀመጣል። ቃሉ መልካም ነው፤ ብዙ ጊዜም እውነት ሆኖ ተገኝቷል። ነገር ግን ከእነዚህ ቤቶች ዋና ዋናዎቹ ራሳቸው አክሲዮናቸውን ለሕዝብ ሸጠዋል፤ ግሪንሂል በ2004፣ ላዛር በ2005፣ ኤቨርኮር በ2006፣ ሞሊስ በ2014። ለባለአክሲዮን በየሩብ ዓመቱ ትርፍ ማሳየት ያለበት አማካሪ ደንበኛው ቆይቶ ቢሸጥ እንደሚሻለው እያወቀ ቆይ ለማለት ይከብደዋል። ግሪንሂልም በ2023 በ550 ሚሊዮን ዶላር በጃፓኑ ሚዙሆ ባንክ ተገዝቶ ወደ ታላቅ ባንክ ጉያ ተመለሰ።

ስለ አማካሪው ዋጋም ጥቂት ልበል። በሌማን ብራዘርስ ስም የሚጠራው የቆየ ስሌት ከመጀመሪያው ሚሊዮን ዶላር 5 በመቶ፣ ከሁለተኛው 4፣ ከሦስተኛው 3፣ ከአራተኛው 2፣ ከዚያ በላይ ካለው 1 በመቶ ያስከፍላል። በዚህ ስሌት 10 ሚሊዮን ዶላር ያወጣ ድርጅት 200 ሺህ ዶላር ይከፍላል ማለት ነው። ስሌቱ ጥንታዊና ቀላል ቢሆንም ዋጋው ከፍ ባለ ቍጥር የአማካሪው ድርሻ እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ ለመጨረሻይቱ ሚሊዮን እንዲታገል አያተጋውም። ስለዚህም አስተዋይ ሻጮች ስሌቱን ገልብጠው፣ ከተስማሙበት ዋጋ በላይ ለተገኘው ከፍ ያለ መቶኛ መክፈልን መርጠዋል፤ እኔም ይህን እደግፋለሁ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የአሻሻጭ ሥራ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ቤትና መኪና በደላላ ሲሸጥ ኖሯል፤ ደላላውም ከሻጭም ከገዢም ሲቀበል እንደ ነውር አይቈጠርበትም። ድርጅትን በሙሉ መሸጥ ግን ለብዙ ጊዜ የመንግሥት ጉዳይ ነበር፤ ሐረርና በደሌ ቢራ ፋብሪካዎች በ2011 በ163 ሚሊዮን ዶላር ለሃይኔከን፣ ሜታ አቦ በ2012 በ225 ሚሊዮን ዶላር ለዲያጆ የተሸጡት በመንግሥት እጅ ነው። አሁን ተራው የግል ባለሀብቱ ነው። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 በ2013 ዓ.ም. ወጣ፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በኢንቨስትመንት ባንክነት ፈቃድ ከተቀበሉት መካከል የንግድ ባንኮች ልጆች የሆኑ ይገኙባቸዋል። እናት ባንኩ ለገዢው ብድር በሚሰጥበት፣ ልጁ ደግሞ ሻጩን በሚመክርበት ቀን በዴል ሞንቴ ጉዳይ የታየው በአዲስ አበባ እንዳይደገም የሚያግደው ሕግና የባለቤቶቹ ንቃት ብቻ ነው።

ስለዚህ የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን የሻጭ አማካሪ የሆነ ሁሉ ከገዢው ወገን ያለውን ብድር፣ ድርሻና ተስፋ በጽሑፍ እንዲገልጽ፣ ከሁለቱም ወገን መቀበልም እንዲከለከል በመመሪያ ያጽና። ድርጅቱን ለመሸጥ የሚያስብ ወገኔም፣ በአዲስ አበባ ቢሆን በዋሽንግተን፣ ከመፈረሙ በፊት አማካሪውን ይጠይቀው፤ በድርድሩ ቀን በአጠገቡ የሚቀመጠው ሰው ስሙ ማን እንደሆነ፣ ባለፉት ዓመታት ከየትኞቹ ገዢዎች እንደተቀበለ፣ ዋጋው በአክሲዮን ቢሆን የገዢውን ሒሳብ ማን እንደሚመረምር፣ ውሉ ካለቀ በኋላስ ለስንት ወር ዋጋ እንደሚጠይቅ። መልሱንም በውሉ ላይ ያጽፈው፤ ለመጻፍ እምቢ ካለ ሌላ አማካሪ ይፈልግ።